ሳይላላ የቀረው ጊታር

ሽማግሌው አንዲት ዘፈን ነበረቻቸው፤ እሷን ሲጫወቱ ጀርባቸውን ይሰጡኛል። ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ፣ ጊታራቸውን ያቅፋሉ፣ ግንባራቸው ግድግዳውን ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ያጎነብሳሉ፣ ከዚያ ይጀምራሉ። ሲጨርሱ ስድስቱንም ክር አንድ በአንድ ያላሉታል። ድምፁ እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ ክሩ እንደ ረገበ የልብስ ማስጫ ገመድ ይንዘላዘላል። ከዚያ በኋላ ነው ዞር ብለው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ «ሾርባው ደረሰ?» የሚሉኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ይህን ሳይ፣ እኚህ ሰው የደበቁት ነገር አለ አልኩ።

መጠርጠር ለእኔ ድካም የለውም። ያደግኩት አዲስ አበባ፣ በደርግ ጊዜ፣ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጋር አጥር በሚጋራ ቤት ውስጥ ነው። እኛ ቤት ቁም ነገር ሲወራ ሬዲዮ ይከፈታል። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ በበሩ ቀዳዳ ጫማው ይታያል፣ ቀጥሎ ሰላም ይባላል። እናቴ ጎረቤት የላከችውን ቆሎ እንኳ «ዛሬ ምን ፈልጋ ነው?» ሳትል አትቀምስም ነበር። አሜሪካ ስመጣ ብዙ ነገር ትቼ መጥቻለሁ፤ ይህን ዓመል ግን ይዤው መጣሁ፣ እዚህም ደልቶት ወፈረ።

ሥራውን ያገኘችልኝ አፓርትመንት የምንጋራ ጓደኛዬ ናት። እሷ አቅመ ደካሞችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ትረዳ ስለነበር፣ የቀጠራት ቢሮ ሰው ሲፈልግ ስሜን ሰጠች። ቤቱ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ከኮልስቪል ሮድ ገባ ብሎ፣ እኛ ከምንኖርበት በአውቶቡስ ሩብ ሰዓት ቢያስኬድ ነው። ገና ሳልጀምር አስጠነቀቀችኝ። «ስሚኝ፣ ምንም ነገር ተች እንዳታደርጊ። የታዘዝሽውን ሠርተሽ ውልቅ በይ። አንድ ዕቃ ሚስ ካደረጉ ብሌም የሚያደርጉት አንቺን ነው። ሱ ያደርጉሻል፣ ፍርድ ቤት ያቆሙሻል፣ ከዚያ ግሪን ካርዱን እርሺው!» እኔም እጄን ኪሴ ከትቼ የገባሁ ያህል ተጠንቅቄ ገባሁ።

ሽማግሌው ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው፣ ያን ጊዜ ሰማንያን ሊደፍኑ ሁለት ዓመት ይቀራቸዋል። የተወለዱት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ትምባሆ በሚዘራበት ገጠር ነው። ዋሽንግተን መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ቤት ግድግዳ ሲለስኑ ኖረዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ጎረቤት ዓሣ ጠብሶ ሰው ሲጠራ፣ ጊታራቸውን ይዘው ሄደው ብሉዝ ይጫወቱ ነበር። ሚስታቸው ሞተዋል። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ትኖራለች፣ ቅዳሜ እየመጣች ታያቸዋለች። ስትገባ ከሰላምታ በፊት የወጥ ቤቱን መሳቢያ የምትከፍት ሴት ናት። እኔም ከሷ በፊት ሁሉን በቦታው አድርጌ እጠብቃታለሁ። ሁለታችንም በደንብ እንተዋወቅ ነበር ማለት ነው።

እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤ እኔ ግን በሆዴ አንድ ቀን እንኳ አንተ ብያቸው አላውቅም። ጠዋት አጃ አበስላለሁ፣ ክኒናቸውን እሰጣለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ፣ ደጅ ወጥተን እስከ መንገዱ ጥግ እንሄዳለን። ከምሳ በኋላ ይጫወታሉ። ብሉዝ ማለት ልቅሶ ይመስለኝ ነበር፤ የእሳቸው ግን እንደዚያ አልነበረም። አውራ ጣታቸው ወፍራሞቹን ክሮች ሳይቸኩል፣ ሳያቆም ይረግጣል፤ ሌሎቹ ጣቶች ከላይ የፈለጉትን ይናገራሉ። ግድግዳ የለሰኑ ጣቶች፣ ጥፍራቸው የተሰነጠቀ፣ እንዲህ ይለሰልሳሉ ብሎ ማን ይጠረጥራል? እኔ እንኳ አልጠረጠርኩም።

ሌላውን ዘፈን ሁሉ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው፣ እያዩኝ፣ አንዳንዴም እየቀለዱብኝ ነው የሚጫወቱት። ያችኛዋ ስትመጣ ብቻ ወንበሩ ይዞራል። መጀመሪያ ክሮቹን ወዲያ ወዲህ ያደርጓቸዋል፤ ሌላ ቅኝት ነው ማለት ነው። ግጥም የላትም። ወጥ ቤት ሆኜ ጆሮዬን እጥላለሁ፣ ሳህኑን ሳላንኳኳ አጥባለሁ። ከእኔ ነው የሚደብቁት ብዬ ከፍቶኝም ነበር። ምን ላደርገው? ተሸክሜው አውቶቡስ ላይ ልወጣ ነው?

አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ምሳ እየበሉ ነገሩኝ።

ዘፈኗን ያወጣት ታላቅ ወንድማቸው ነው። ከሷ በፊት ሌላ ዘፈን ነበረው። አንድ መንገደኛ ጊታር ተጫዋች እቤታቸው ሦስት ቀን አደረ፤ እናታቸው አበሉት፣ ወንድምየው ሲጫወት ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ጣቱን ጣቱን ሲያይ ሰነበተና ሄደ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ያ ዘፈን ከተማ ካለ ሱቅ፣ ከሸክላ ሲዘፈን ሰሙት። ሸክላው ላይ የተጻፈው የመንገደኛው ስም ነው። ወንድምየው አልተጣላም፣ አልከሰሰም። ማን ሊሰማው? አዲስ ዘፈን አወጣ፣ ማንም የማያውቀው ቅኝት አበጀለት፣ ለታናሽ ወንድሙ ብቻ አስተማረ። «ስትጫወት ዙር። ስትጨርስ አላላው። ክሩን እንኳ እንዳያገኙት» አለው። ትንሽ ቆይቶ እንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ ውስጥ አደጋ ደርሶበት በሃያ ስድስት ዓመቱ ሞተ። የተቀበረው አሌክሳንድሪያ ነው፣ አሁን ሴት ልጃቸው የምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ።

ይህን ስሰማ ሐዘኑ ቢሰማኝም፣ ደስም አለኝ። በዚህ አገር ሰው ሁሉ «ሃው አር ዩ» እያለ ሲስቅ፣ አንድ የሚጠረጥር ሰው አገኘሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበሩ ሲዞር አልከፋኝም። እንዲያውም በሩን እዘጋላቸው ጀመር።

በሁለተኛው ዓመት መጸው ላይ ቴፕ ይዞ የሚዞር ሰው መጣ። ነጭ ነው፣ ጢም አለው፣ መነጽሩ በክር አንገቱ ላይ ይንጠለጠላል። የድሮ ብሉዝ ተጫዋቾችን እየፈለገ ሲቀዳ ነው የሚኖረው። በመጣ ቁጥር አፕል ፓይ የሚሉትን የፖም ኬክ ይዞ ይመጣል። እንዴት ብዬ ልመነው? በነጻ የሚያበላ፣ ሳይታክት የሚስቅ፣ ጣት የሚያይ ሰው! ያ መንገደኛ ተመልሶ የመጣ ነው የመሰለኝ። ሽማግሌው በመስኮቱ በኩል የሚጫወቱትን ሁሉ ፈቀዱለትና ቀዳ። ስለ ግድግዳዋ ዘፈን ግን ትንፍሽ አላሉም፤ እሱም ከሴት ልጃቸው ሰምቶ ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀ፣ ዝም ሲሉት ዳግመኛ አልጠየቀም። አለመጠየቁንም ጠረጠርኩት።

በየካቲት ወር አንድ ሰኞ፣ ሽማግሌው ጫማቸውን እያሰርኩላቸው ሳለ አንድ ነገር ተናገሩ። አሌክሳንድሪያ ያለው ቤተ ክርስቲያን በግቢው የተቀበሩትን ሰዎች የሚያስብበት ቀን አለው፤ ግንቦት ውስጥ ነው። በዚያ ቀን፣ በሰው ፊት፣ የወንድማቸውን ዘፈን ሊጫወቱ ወስነዋል። «እኔም ስሄድ ይዣት ልሄድ ነው?» አሉ። «እጄ እየደከመ ነው። ረቡዕ ያ ሰውዬ ሲመጣ አስገቢው። ዘፈኗን ይቅዳት።»

ረቡዕ መጣ። ሽማግሌው አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው ነበር፣ ዓይናቸው ግን ክፍት ነው። እኔ በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈትኩት። ፓዩን ይዞ ቆሟል፣ ቴፑ በሌላ እጁ ነው። ሰኞ ዕለት የነገሩኝን አልረሳሁትም። ነገር ግን በልቤ፣ አታለላቸው፣ በፓይ ገዛቸው፣ ቆይተው ይጸጸታሉ እላለሁ። «ተኝተዋል» አልኩት። «እጠብቃለሁ» አለ። «ሐኪማቸው እንግዳ አይግባ ብሏል» አልኩት። ውሸቴን ነው። ፓዩን ሰጥቶኝ ሄደ። ሽማግሌው ማን ነው ሲሉኝ፣ «ፖስተኛ ነው፣ ቤት ተሳስቶ» አልኳቸው። እንዲህ ስል ራሴን እንደ ዘበኛ ቆጥሬ ኮርቼ ነበር።

ዓርብ ጠዋት በቁልፌ ከፍቼ ስገባ፣ በወንበሩና በአልጋው መካከል ወለል ላይ ወድቀው አገኘኋቸው። አፋቸው ወደ አንድ ወገን ሄዷል። ወንበሩ ወደ ግድግዳው ዞሯል፣ ጊታሩ አልጋው ላይ ነው። አምቡላንስ ጠራሁ፣ አሌክሳንድሪያ ደወልኩ። ስትሮክ ነው አሉ።

ሰኞ ሴት ልጃቸው ደውላ፣ ቤቱን እንዳጸዳና ፒጃማ እንዳመጣላቸው አዘዘችኝ። ብቻዬን ገባሁ። አንሶላውን ልቀይር ስል ጊታሩን ማንሳት ነበረብኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ነክቼው አላውቅም። ሳነሳው ጣቴ ክሩን ነካና ጮኸ። ሁሉንም አንድ በአንድ ነካካኋቸው። አንዱ ከአንዱ አይስማማም፤ አንዱ ከሚገባው በታች ወርዷል፣ ሁለቱ ተጠጋግተው ይነታረካሉ። እያላሉት ሳለ ነው የወደቁት አልኩ። ግማሹ ላልቶ ግማሹ የቀረ ነው የመሰለኝ። ያችን ዘፈን ስንት ጊዜ ሰምቻታለሁ፤ ክሮቹን ግን ባዶአቸውን፣ ተራ በተራ፣ አንድም ቀን ሰምቻቸው አላውቅም።

እዚህ ላይ ስለ ኪነት ቡድኑ መናገር አለብኝ። ልጅ ሆኜ በቀበሌያችን ኪነት ክራር እመታ ነበር። አሰልጣኛችን አንድ ሕግ ነበረው፦ ልምምድ ቦታ ቀድሞ የደረሰ ሰው ክራሮቹን ሁሉ ቃኝቶ ይጠብቃል። ሳይቃኝ የተሰቀለ ክራር ከተገኘ፣ ቀድሞ የደረሰው ልምምዱ እስኪያልቅ ክራሩን ከራሱ በላይ ይዞ ይቆማል። እኔ ሁለት ጊዜ ቆሜያለሁ፣ ክንዴ እስኪደነዝዝ። ስለዚህ የተበላሸ ቅኝት ስሰማ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ ፈሪ ስለሆንኩ ነው እንጂ ሙዚቀኛ ስለሆንኩ አይደለም። ሽማግሌው ደግሞ ሊሞቱብኝ ነው ብዬ ሦስት ቀን ሳለቅስ ሰንብቻለሁ። ሲመለሱ ጊታራቸው ተቃኝቶ ይጠብቃቸው አልኩ። ጓደኛዬ ተች እንዳታደርጊ ያለችው ትዝ አለኝ፤ ማን ያየኛል ብዬ አለፍኩት።

ስድስት ክር ሲያይ እጄ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ትዝታ ቃኘሁት። ወፍራሞቹ ክሮች እንደ ክራር አልታዘዝ ብለው አስቸገሩኝ፤ እያባበልኩ፣ እያጠበቅኩ፣ አስማማኋቸው። አንድ ጊዜ ግርፍ አድርጌ መታሁት። ቤቱ ሞላ። ደስ ብሎኝ ወንበሩ ላይ አቁሜው፣ ፒጃማውን ይዤ ወጣሁ።

ሆስፒታል ስደርስ ነቅተዋል። ምላሳቸው እየተሳሰረ ይናገራሉ። እጄን በደህናው እጃቸው ያዙና ወደ አፋቸው ሳቡኝ። «ጊታሩን» አሉ፤ «ማንም አልነካውም አይደል?»

በሌላው እጄ ብርድ ልብሳቸውን ሳብኩላቸው።

«ማንም» አልኳቸው።

«ሳላላላው ነው የወደቅኩት። እንኳንም አላላላሁት። ቅኝቱ ከጭንቅላቴ ጠፍቷል። ሌሊቱን ስፈልገው አደርኩ፣ የለም። ጣቶቼ መንገዱን ያውቁታል፤ ክሩ የት የት እንደሚቆም ነው የጠፋኝ። ጊታሩ ላይ ግን አለ። ስመለስ ከሱ አገኘዋለሁ።» እንዲህ ብለው ፈገግ አሉ፤ የፊታቸው ግማሽ ብቻ ፈገግ አለ።

ያን ዕለት ወደ ቤት የተመለስኩት አውቶቡሱን አሳልፌ በእግሬ ነው። የሽማግሌው ቤት ቁልፍ በእጄ ስለነበር በመንገዴ እዚያ ገብቼ ጊታሩን ወደ ነበረበት ልመልሰው ሞከርኩ። የነበረበትን ማን ያውቃል? አንዱን ክር አወርዳለሁ፣ ሌላውን አወጣለሁ፤ ባነሳሁ በጣልኩ ቁጥር የበለጠ ጠፋ። ሲመሽ ፈርቼ እንደገና ትዝታ አድርጌው ወጣሁ። ቢያንስ አንድ የማውቀው ነገር ይሁን ብዬ ነው። ለጓደኛዬ ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አንቺ! ዝም በይ! ኖባዲ ሶው ዩ፤ ማን አይቶሻል? አይ ዶንት ኖው በይ፣ በቃ! ስትሮክ የመታው ሰው ነው፣ ረስቶት ነው ይባላል።» ይህን የምትለው ለእኔ አዝና መሆኑን አውቃለሁ። እኔም ዝም አልኩ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ በዎከር፣ በባለ አራት እግሩ የብረት ምርኩዝ፣ እየተደገፉ ተመለሱ። ካፖርታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ወንበሩን ወደ ግድግዳው እንዳዞርላቸው ጠየቁኝ። አዞርኩ። ጊታሩን ሰጠኋቸው። ክሩን አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ዳበሱት። ደግመው ዳበሱት። ጀርባቸውን ነው የማየው፤ ያ ሰፊ ጀርባ ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁት።

«ማን ነው የገባው?» አሉ።

ሴት ልጃቸው ከኋላዬ ቆማ ነበር። ያ ቴፕ የሚቀዳው ሰው መታመማቸውን ሰምቶ ካርድ ሊያኖር አንድ ቀን እንደመጣ፣ እሷም ክፍሉ ድረስ አስገብታው ስልክ ልታነሳ ለደቂቃ ጥላው እንደሄደች ተናገረች። በቃ። ሌላ ማን ሊሆን ነው? ቅኝቱን ገልብጦ፣ ዱካውን ለማጥፋት ሌላ ነገር ቃኝቶት ሄደ ተባለ። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ራሴን ነቀነቅኩ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያደርግ ቢነግሩኝ አላምንም ነበር፤ እኔ ነኝ ያደረግኩት።

በሳምንቱ ሰውየው ፓዩን ይዞ መጣ። ሽማግሌው በዎከራቸው እየተጎተቱ በሩ ድረስ ሄዱና ጮኹበት። ሌባ አሉት። ወንድሜን ሁለት ጊዜ ሰረቃችሁት አሉት። ሰውየው ቆሞ ሰማ፣ ጆሮው ቀላ፣ ፓዩን የት እንደሚያስቀምጥ ጠፍቶት በረንዳው ላይ አኖረውና ሄደ። እኔ በመስኮቱ አየሁት። መኪናው ውስጥ ገብቶ ብዙ ደቂቃ ሳያስነሳ ተቀመጠ።

ሽማግሌው በየቀኑ ይፈልጋሉ። ከምሳ በፊት፣ ከምሳ በኋላ። አንዱን ክር ያወጣሉ፣ ያዳምጣሉ፣ «አይደለም» ይላሉ። ግንቦት እየቀረበ ነው። የደከመው ግራ እጃቸው እየተሻለው ሄዷል፤ ልባቸው ግን እየደከመ ሄደ። ምግብ ቀነሱ። የግድግዳውን ወረቀት ግንባራቸው ያረፈበት ቦታ ላይ ወዝ ነክቶት አየሁ። እያጸዳሁ አለቀስኩ።

ከዚያ ደብዳቤ መጣ። ዓይናቸው ስለፈዘዘ ፖስታቸውን የማነብላቸው እኔ ነኝ። ከቴፕ ቀጂው ነው። ድምፄን አውጥቼ አነበብኩ፦ ጊታሩን አልነካሁትም፤ ሳላውቅ ያስቀየምኩዎት ነገር ካለ ግን ይቅር ይበሉኝ፤ የቀዳኋቸውን ካሴቶች በሙሉ ልኬአለሁ፣ የእርስዎ ናቸው፣ እኔ ጋ ቅጂ የለም ይላል። እሽጉን ፈታሁት። ካሴቶቹ በሙሉ አሉ፣ በየጀርባቸው በጥሩ እጅ ጽሑፍ ተጽፎባቸዋል።

«ብልጥ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ዋናውን ይዞ ትርፍራፊውን መለሰ።»

ልክ እኔ የምለውን ነው ያሉት፤ የራሴን ጥርጣሬ ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው ዘገነነኝ። ደብዳቤውን አጥፌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

«እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ክሩን የቃኘሁት እኔ ነኝ። የተበላሸ መስሎኝ ነው። ከመውደቅዎ በፊት፣ ረቡዕ ዕለትም እሱ መጥቶ ነበር። ተኝተዋል ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ።»

ከዓይናቸው ምንም ማንበብ አልቻልኩም። ከዚያ ጊታሩን ዘረጉልኝ።

«ምን እንዳደረግሽው አሳዪኝ።»

ተቀበልኩና ትዝታ ቃኘሁት። ረጅም ጊዜ ፈጀብኝ። ስጀምር ሳላስበው ወደ ግድግዳው ዞሬያለሁ፤ ዓይናቸውን ማየት ስላልቻልኩ ነው።

«ዙሪ» አሉኝ። «ፊትሽን ወደ እኔ አዙሪ። እኔ ስድሳ ዓመት ግድግዳ አይቻለሁ። ምን አተረፍኩ?»

ዞርኩና እንደ ኪነት ጊዜዬ ግርፍ አድርጌ መታሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሲያበቃ፣ «ቆንጆ ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ «ረቡዕ ዕለት አስገብተሽው ቢሆን ኖሮ…» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። «ዛሬ በጊዜ ሂጂ» አሉኝ።

በማግስቱ ሥራ የለሽም የሚለኝን ሰው እየጠበቅኩ ሄድኩ። ሴት ልጃቸው አልነበረችም፣ ቢሮውም አልደወለም። ለማንም አልነገሩም። ስልኩን አቀበሉኝና የሰውየውን ቁጥር እንድደውል አዘዙ። «አንቺ ንገሪው» አሉ። ነገርኩት። ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ደህና ናቸው? መምጣት እችላለሁ?» አለኝ። መጣ። ፓይ አልያዘም ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲይዝ ተመኘሁ።

ሦስታችን አምስት ቀን ፈለግናት። እሱ የቀዳቸውን ሌሎች ዘፈኖች እያሰማ ይጠይቃቸዋል፣ እኔ ከወጥ ቤት የሰማሁትን በአፌ አንጎራጉራለሁ፣ ሽማግሌው በክሩ ላይ ይሞክራሉ። አራቱን ክሮች አገኘናቸው። ሁለቱ ግን እስከ መጨረሻው አልመጡም። «ዘመዷ ናት እንጂ እሷ አይደለችም» አሉ ሽማግሌው።

የመታሰቢያው ቀን በዋለበት እሑድ ሴት ልጃቸው መኪናዋን ይዛ መጣች፤ ከተማውን የሚዞረውን መንገድ፣ ቤልትዌዩን፣ ይዘን፣ ድልድዩን ተሻግረን አሌክሳንድሪያ ገባን። ሽማግሌው መጀመሪያ የወንድማቸውን መቃብር ሳሙ፤ ትንሽ ድንጋይ ነው፣ ሣር ሊውጠው የደረሰ። ከዚያ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ባለው አዳራሽ ወንበር ሲሰጣቸው፣ በልማድ ወደ ግድግዳው ሊያዞሩት እጃቸውን ሰደዱ፤ ተውት። ፊታቸውን ለሰው ሰጥተው ተጫወቱ። ቴፕ ቀጂውም መጥቷል፤ ቴፑ ይዞራል፣ ሰዉ በእግሩ ምት ይጠብቃል። ግማሽ ላይ ሲደርሱ አቆሙ። «የወንድሜ ነች» አሉ። «የቀረችኝ ይህችው ናት።» ሰዉ ቆሞ አጨበጨበ፣ «ኤሜን» አለ። አዳራሹ ውስጥ ምን እንደጎደለ የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነን።

ጊታሩን ሳጥኑ ውስጥ እንድከት ሰጡኝ። እንደሚያደርጉት ላላላው እጄን ወደ መቃኛው ስሰድ፣ «ተይው» አሉኝ። ይቅር ብለውኝ ይሁን፣ ወይስ የሚሰረቅ ነገር እንዳልቀረ አውቀው፣ አላወቅኩም። ሽማግሌው ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ፤ ያን ነገር ዛሬም እጠራጠራለሁ።

ስንመለስ ሳጥኑ ጭኔ ላይ ነበር። ስንሄድ ያገኘነውን ቅኝት የያዙት በልባቸው ነበር፤ ክሮቹን አላልተው ስለጫኑት ጊታሩ ድምፅ አልነበረውም። አሁን ግን ድልድዩ ላይ መኪናው መጋጠሚያውን በረገጠ ቁጥር ስድስቱ ክሮች ሳጥኑ ውስጥ ሆነው ያስተጋባሉ። ከፊት ወንበር ዞር ብለው አዩኝ።

«ሰማሽው?» አሉኝ።

«ሰማሁ።»

«እሷ አይደለችም፣ አይደል?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ለማጽናናት እዋሻለሁ።

«አይደለችም» አልኳቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ፊት ዞሩ።